ብረቱ የት ሄደ? ያረጀ ሳንቲም ላይ የማተሚያ ስህተትን ከጉዳት ስለመለየት

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሳንቲም ይዛችሁ የመጣችሁ አውጡትና ፊታችሁ አስቀምጡት። እኔ ስናገር እያገላበጣችሁ ብታዩት ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል።

ብዙዎቻችሁ ያያችሁት አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። «ይህን ሳንቲም ቤታችሁ ፈልጉ፣ ሚሊየነር ያደርጋችኋል» ይላል። ሳንቲሙ ላይ ቀይ ክብ ተሰምሯል። ክቡ ውስጥ ጭረት ወይም ስርጉድ ያለ ቦታ ይታያል። ያንን ያየ ሰው የአያቱን ሳጥን ይከፍታል። ጭረት የሌለው አሮጌ ሳንቲም ደግሞ አይገኝም። «አገኘሁ» ብሎ ደላላ ፍለጋ ይወጣል፤ ወይም ሌላው ያገኘውን በውድ ይገዛል። ይህ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል። ሰው የለፋበትን ገንዘብ ለተራ ጭረት ይከፍላል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ የማተሚያ ስህተት፣ ማለትም ሳንቲሙ ሲመታ የተፈጠረና ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እንከን ያለበት ብር «ይሄማ ተበላሽቷል» ተብሎ አንጥረኛ ቤት ይሄድና ይቀልጣል። እሱ ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ብረቱ የት ሄደ? ሳንቲም ላይ እንግዳ ነገር ስታዩ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ። ከፍ ያለ ነገር ካለ ብረቱ ከየት መጣ? የጎደለ ነገር ካለ ወዴት ተገፋ? ብረት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ዝም ብሎም አይመጣም። ማተሚያው ውስጥ የሆነው ነገር አንድ ዓይነት ዱካ ይተዋል። ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ የደረሰበት ሌላ ዓይነት ዱካ ይተዋል።

ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ብረቱ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሉህ ይሆናል። ከሉሁ ላይ ክብ ክብ እየተቆረጠ ይወጣል። ክቡ በሌላ ማሽን ተጨምቆ ሲንከባለል ዳሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባል። አንደኛው ማኅተም የንጉሡን ፊት፣ ሌላው አንበሳውን ይዟል። ብረቱ ወደ ጎን እንዳያመልጥ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። ከዚያ ማሽኑ በብዙ ቶን ኃይል ይመታል። በዚያች ቅጽበት ብረቱ ይፈስሳል። ማኅተሙ ውስጥ የተቦረቦረውን ሁሉ ይሞላል። ዘውዱም፣ ፊደሉም፣ የአንበሳው ጋማም የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው።

ማኅተሙ የሳንቲሙ ግልባጭ መሆኑን አትርሱ። ማኅተሙ ላይ የተቦረቦረው፣ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ይላል። እንግዲህ ማኅተሙ ሲያረጅ ቢሰነጠቅ ምን ይሆናል? ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ፣ ቀጭን፣ ጠመዝማዛ መስመር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከዳሩ ተነስቶ ፊደል ለፊደል እያቋረጠ ይሄዳል። የማኅተሙ ዳር ተሸርፎ ቢወድቅ ደግሞ ሸራፋው ቦታ በብረት ይሞላል። ሳንቲሙ ዳር ላይ ፊደሎቹን የዋጠ ለስላሳ ጉብታ ታያላችሁ።

ጭረት ግን ወደ ታች ነው የሚሄደው። ቢላም ይሁን ሚስማር፣ የጫረው ነገር ብረቱን ይገፋዋል። የት ሄደ? ማረሻ አፈሩን ግራና ቀኝ እንደሚገለብጠው፣ ብረቱም ከጭረቱ ግራና ቀኝ ተገልብጦ ይቆማል። በአጉሊ መነፅር ስታዩት ከቦዩ ዳር ቀጭን ግንብ አለ። ማኅተም የሠራው መስመር ግን ዳርና ዳሩ ቦይም ግንብም የለውም። ከሜዳው፣ ማለትም ምስልም ፊደልም ከሌለበት ለጥ ካለው የሳንቲሙ ገጽ ላይ፣ እንዲሁ ከፍ ይላል።

ፎቶ ላይ ግን ይህ ነገር ያሳስታል። ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ ካላወቃችሁ ዓይን ጎድጓዳውን ጉብታ፣ ጉብታውን ጎድጓዳ አድርጎ ያያል። መላው ቀላል ነው። አንድ መብራት ብቻ ተጠቀሙ፣ ከግራ በኩል አስቀምጡት። መጀመሪያ ከፍ ማለቱን በእርግጠኝነት የምታውቁትን ነገር እዩ፤ አንድ ፊደል ይበቃል። ጥላው በቀኝ ይወድቃል። አሁን አጠራጣሪውን መስመር እዩ። ጥላው እንደ ፊደሉ በቀኝ ከወደቀ ከፍ ያለ ነው። በግራ ከሆነ ጎድጓዳ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚታዩት «ስህተቶች» ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አዲስ ሳንቲም ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። እኛ ቤት ያሉት ግን አዲስ አይደሉም። ገበያ ለገበያ ዞረዋል፣ በመቀነት ታስረዋል፣ በላብ ርሰዋል፣ መሬት ተቀብረዋል። ከጭረቱ ጎን የቆመው ግንብ በእጅ ብዛት ይላጫል። የማኅተሙ ስንጥቅ የሠራው መስመርም ይለሰልሳል። ሁለቱ እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን እርጅናው ራሱ ምስክር ነው እላለሁ። ምክንያቱም እርጅና ሥርዓት አለው።

የምኒልክን ብር እንውሰድ። የመጀመሪያው ፓሪስ ላይ የተመታው፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ነው። 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 28 ግራም ገደማ ክብደት አለው። በፊቱ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። በጀርባው አንበሳው መስቀል ያለበትን ሰንደቅ ይዟል፣ ዙሪያውን «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ተጽፏል። ይህ ብር ሲያረጅ መጀመሪያ የሚላጨው ከሁሉ ከፍ ያለው ነው። የንጉሡ ጉንጭ፣ የዘውዱ ጌጥ፣ የአንበሳው ጎንና ጋማ ይቀድማሉ። በዳሩ ያሉት ፊደሎች ግን ከፍ ያለው የዳር ክብ ስለሚጠብቃቸው ቶሎ አይጠፉም። እጅና ጨርቅ መጀመሪያ የሚነኩት ከፍ ያለውን ነዋ።

እንግዲህ ይህ ሥርዓት ተዛብቶ ስታገኙት ጠይቁ። ጉንጩና ዘውዱ ገና ጥሩ ሆነው ሳለ ከ«ንጉሠ ነገሥት» ላይ ሦስት ፊደል የጠፋበት ብር ቢያጋጥማችሁ፣ እርጅና አላጠፋቸውም። እርጅና ከፍ ያለውን ዘሎ ዝቅ ያለውን አይበላም። ስለዚህ ወይ ሰው ፍቋቸዋል፣ ወይ ከመጀመሪያው አልወጡም። ማኅተሙ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሲጠቀጠቅ ብረቱ ገብቶ የሚሞላው ቦታ ያጣል። ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል። ይህ የታወቀ የማተሚያ ስህተት ነው።

የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የተፋቀ ከሆነ ቦታው ከአካባቢው ዝቅ ይላል። ጎን ለጎን የሚሄዱ የሞረድ መስመሮች አሉት። ብርሃን ሲያርፍበት ከሌላው ሜዳ በተለየ ያበራል። ቅባት የደፈነው ከሆነ ግን ቦታው ከሜዳው እኩል ነው። ቀለሙም አንድ ነው። ፊደሉም በአንዴ አይቆረጥም፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴ ጥላው ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛም አማራጭ አለ። ሳንቲሙን ገልብጡትና በትክክል ከኋላው ያለውን እዩ። የንጉሡ ፊት ሰፊና ከፍ ያለ ነው። ብዙ ብረት ይፈልጋል። ማሽኑ ሲመታ ብረቱ ወደዚያ ከሮጠ፣ ከኋላው ያለው የአንበሳው አካል በቂ ብረት ሳያገኝ ይቀራል። አንበሳው መሃሉ ላይ የደከመ፣ ዳር ዳሩ ላይ የጠራ ይሆናል። ብረቱ የት ሄደ ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ በሌላው ፊት ነው፤ ንጉሡ ወስዶታል። ይህ ደካማ ምት ይባላል። ብዙም ዋጋ አይጨምርም፤ ግን ጉዳት አይደለምና «ተበላሽቷል» ብሎ ዋጋ የሚሰብርባችሁን ነጋዴ አትመኑ።

እርጅና ሌላም ነገር ይነግረናል፣ ቅደም ተከተልን። የማተሚያ ስህተት ከሳንቲሙ ጋር አብሮ ነው የተወለደው። ሳንቲሙ ያረጀውን ያህል እሱም ማርጀት አለበት። ከፍ ያለ መስመር ከሆነ፣ በዙሪያው እንዳሉት ተመሳሳይ ከፍታ ያላቸው ፊደሎች መለስለስ አለበት። ፊደሎቹ ግማሽ ሆነው ሳለ መስመሩ ስል ከሆነ፣ መስመሩ ኋላ የመጣ ነው። ጎድጓዳ ከሆነ ደግሞ ወለሉን እዩ። ሜዳው ጠቁሮ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ትናንት የሆነ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ይህ መለኪያ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ያላረጀ ምልክት ባረጀ ሳንቲም ላይ ካለ ስህተት አለመሆኑ ተረጋገጠ። ያረጀ ምልክት ግን ስህተት መሆኑን አያረጋግጥም። ከ80 ዓመት በፊት የተጫረ ጭረትም ዛሬ ለስላሳና ጥቁር ነው። ብዙ ሻጮች «ተመልከት፣ ውስጡ ጠቁሯል፣ ከድሮም አብሮት ነበር» ይላሉ። ከድሮ መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከማተሚያ ቤት መምጣቱን ግን አያሳይም።

ስለ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ስላለበት የብር ሳንቲም፣ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በየቤቱ ያለው እሱ ነውና። ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ ሳይቀየር ሲመታ ኖሯል። የተመታውም ቪየና ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮምም ለንደንም መትተውታል። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይም አሉበት። እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ማኅተም ቀርጿል። ስለዚህ የንስሩ ጅራት፣ የላባው ብዛት፣ የደረቷ ጌጥ ከአንዱ አንዱ ትንሽ ይለያል። ይህን ልዩነት «ስህተት» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙት። ልዩነቱን ማጥናት ግን ደስ ይላል። አባቶቻችንም በጣም ያዩት ነበር፤ የጌጧን እንቁዎች ቆጥረው፣ የጎደለበትን አንቀበልም ይሉ ነበር።

ማርትሬዛ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው «ስህተት» ግን ከብየዳ የመጣ ነው። ብሩ ለዓመታት አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። አንጥረኛው ከላይ በኩል ጆሮ ይበይድለታል። ቤተሰቡ ገንዘብ ሲቸግረው ጆሮው ይነሳል፣ ይሞረዳል፣ ብሩ ገበያ ይመለሳል። ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ትንሽ ጉብታ ትቀራለች። ያቺን ጉብታ ነው «ማኅተሙ ተሸርፎ የወጣ» የሚሏችሁ። ብረቱ ከየት መጣ? ከአንጥረኛው። ማስረጃውም አለ። የማኅተም ሽራፊ የሠራው ጉብታ በአንድ ፊት ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ማኅተም በአንድ ቦታ ላይ አብሮ አይሸረፍም ማለት ይቻላል። ብየዳ ግን ጠርዙን ተሻግሮ በሁለቱም ፊት ይታያል። ቀለሙ ትንሽ ይለያል። በማጉያ ሲታይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉት። ጠርዙን አዙራችሁ እዩ። ማርትሬዛ ጠርዙ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለው፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ጽሑፉ እዚያች ቦታ ላይ ከተሞረደ ነገሩ አለቀ።

የማኅተም ሽራፊ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት ይተዋል። ብረቱ ወደ ጉብታው ስለሮጠ በትክክል ከኋላው ያለው ክፍል ይደክማል። ጉብታው ጤናማ፣ ጀርባውም ጤናማ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ልዩነትን ከስህተት ስለመለየት ካነሳሁ አይቀር፣ በምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። በ1887ቱ ላይ አንበሳው የግራ እግሩን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ከመጡት በአንዳንዶቹ ላይ ቀኙን ያነሳል። አንዱ የሌላው ስህተት አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ማኅተሞች ናቸው። 1969 ዓ.ም. የሚሉት የደርግ ዘመን ሳንቲሞችም ከአንድ በላይ አገር ስለተመቱ የአንበሳው ራስና የጢሙ ርዝመት ይለያያል።

የአባባ ጃንሆይ ስሙኒ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። 1936 ዓ.ም. የሚለው የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ከ50 ሳንቲሙ ጋር በጣም ይቀራረባል። ይህ ችግር ስለፈጠረ ክቡ ከገበያ ተሰበሰበና ዳሩ እየተጎረደ አበባ አበባ የመሰለው ስሙኒ መጣ። ከነዚህ መካከል የዳራቸው አቆራረጥ ሸካራ የሆነ አሉ፣ የተስተካከለም አለ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሸካራውን ሲያይ ሰው በሞረድ ያበላሸው ይመስለዋል። እኔ በጣም የምወደው ሳንቲም ነው። ከተመታ በኋላ ተቆርጧል፣ ግን የቆረጠው መንግሥት ነው። ጉዳትም ስህተትም ልንለው አንችልም። ሸካራ ስሙኒ ካላችሁ ጎርዶቹ በእኩል ርቀት መሆናቸውን እዩ። ከሆኑ በደንብ ያዙት።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ በአንድ ሳንቲም ላይ ማየት ለሚፈልግ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም አለ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። የ1937ቱ ባለ ሦስት እግር ጎሽ። አምስት ሳንቲም ነው፣ ዴንቨር ከተማ የተመታ። በአንድ ፊቱ የቀደምት አሜሪካዊ ራስ፣ በሌላው ጎሽ አለበት። የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ መሃል ብረት ሳይገባ ቀርቶ ሁለቱ ማኅተሞች እርስ በርስ ተመታቱ። አንዱ በሌላው ላይ ጠባሳ ተወ። ሠራተኛው ጠባሳውን ለማጥፋት ማኅተሙን ፈጨው። በጣም ስለፈጨው የጎሹ የፊት ቀኝ እግር አብሮ ጠፋ። እግሩ ማኅተሙ ላይ ጥልቀት አልነበረውማ።

ይህ ሳንቲም ውድ ነው። ስለዚህ ሰዎች ተራውን የ1937 ሳንቲም ይዘው እግሩን ይፍቁታል። ፎርጅድ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ፎርጅዱ ላይ ብረቱ ተፍቆ ወድቋል። ቦታው ዝቅ ብሏል፣ የመሣሪያ መስመር አለው። ሌላው የጎሹ አካል ግን እንደ ማንኛውም ሳንቲም ነው። እውነተኛው ላይ ግን የተነካው ማኅተሙ ነው፣ ሳንቲሙን ማንም አልነካውም። ስለዚህ የማኅተሙ መጎሳቆል በሌላም ቦታ ይታያል። የኋላ እግሩ የቀጠነና የተበላ ይመስላል። ከሆዱ ሥር ወደ መሬት የሚወርድ ከፍ ከፍ ያሉ የነጠብጣብ መስመር አለ። ከፍ ያሉ መሆናቸውን ልብ በሉ! የሚፍቅ ሰው ብረት ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ሳንቲሙ በጣም ቢያረጅ እንኳ የዚያ መስመር ቅሪት ብዙ ጊዜ ይለያል።

ወደ ጎደሉ ሳንቲሞች ልለፍ። ዳሩ በቅስት የጎደለ ሳንቲም አይታችኋል። ክቦቹ ከሉሁ ላይ ሲቆረጡ ሉሁ በደንብ ሳይገፋ ከቀረ፣ መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠ ቀዳዳ ላይ በከፊል ያርፋል። ክቡ ገና ሳይመታ ጎዶሎ ሆኖ ይወለዳል። ከዚያ ሲመታ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች የሚይዛቸው ቀለበት ስለሌለ ወደ ጉድለቱ ይሳባሉ፣ ይቀጥናሉ። በተጨማሪ ከጉድለቱ በትክክል ተቃራኒ ያለው ዳር ይደክማል። ምክንያቱም ዳሩን ከፍ የሚያደርገው ማሽን ክቡን በሁለት ተቃራኒ ጎን ነው የሚጨምቀው። በአንዱ ጎን የሚጨመቅ ከሌለ ሌላውም ጎን ግፊት አያገኝም። በመቀስ ወይም በመጋዝ የቆረጠ ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም። እሱ የቆረጠው ፊደል ቅርጹ ሳይለወጥ ድንገት ይቋረጣል። ተቃራኒው ዳርም ጤነኛ ነው። የብር ሳንቲም ላይ ደግሞ ይህ የቆየ ሌብነት ነው፤ ከዳሩ ትንሽ ትንሽ እየቀረፉ ብሩን መሰብሰብ። ጠርዝ ላይ ጽሑፍ ወይም ጥርስ የሚደረገው የቀረፈው ሰው እንዲታወቅበት ነው።

ድርብ ሆነው የሚታዩ ፊደሎች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እውነተኛው የማኅተም ድርብነት የሚመጣው ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ምስሉ ሁለት ጊዜ ትንሽ ተዛንፎ ሲያርፍበት ነው። የ1955ቱ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም በዚህ ዝነኛ ነው። እዚያ ላይ ሁለቱም ፊደሎች ክብ ብለው ከፍ ይላሉ፣ ፊደሉም በጠቅላላ ይሰፋል። ሌላው ድርብነት ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲላቀቅ ሸርተት ብሎ የሚፈጥረው ነው። ይህ ፊደሉን ከጎኑ ይጨፈልቀዋል። ጠፍጣፋ ደረጃ የመሰለ ነገር ይወጣል። ብረቱ የት ሄደ? ከፊደሉ ራሱ ተወስዶ ደረጃ ሆነ፤ ስለዚህ ፊደሉ ይቀጥናል። ሰፋ ወይስ ቀጠነ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ዓይነት እጅግ ብዙ ነው፣ ዋጋ የለውም። በጣም በለሰለሰ ሳንቲም ላይ ደግሞ ሁለቱን መለየት ስለማይቻል፣ ለድርብነት ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልጥራ። ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ በጉጠት ሲጨመቅ የአንዱ ምስል ተገልብጦ ሌላው ላይ ያርፋል። ማተሚያ ውስጥም ተመሳሳይ ስህተት አለ፤ የተመታ ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ቀጣዩ ክብ በእሱ ይመታል። ልዩነቱ፣ እውነተኛው ላይ ያ ፊት በሙሉ የተገለበጠና ወደ ውስጥ የገባ ምስል ብቻ ነው። በጉጠት የተጨመቀው ላይ የቀድሞው ምስል ከሥሩ ተጨፍልቆ ይታያል። አሲድ ውስጥ የገባ ሳንቲም ሁሉ ነገሩ በእኩል ይሳሳል፣ ቀለሙ ይሞታል፣ ክብደቱ ይወርዳል። «በቀጭን ብረት የተመታ» ብለው ይሸጡታል። የልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተጋጭቶ የኖረ ሳንቲም ዳሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ስፋቱም ያንሳል። በእሳት የተለበለበ ፊኛ ያወጣል። መሃሉ የወለቀ የአንድ ብር ሳንቲም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰው መትቶ ያወለቀው ነው።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነፅር፣ አንድ መብራት፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛንና ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱ ሲስብ ሁልጊዜ ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። 1923 ዓ.ም. የሚሉት የ10፣ የ25ና የ50 መቶኛ ሳንቲሞች ኒኬል ናቸው፣ ኒኬል በማግኔት ይሳባል። በአንጻሩ የአሜሪካን 1943 አንድ ሳንቲም ውሰዱ። በጦርነቱ ምክንያት መዳብ ለማትረፍ ከብረትና ዚንክ ነው የተሠራው። ጥቂቶች በስህተት በመዳብ ክብ ላይ ተመትተዋል፤ እነሱ ናቸው ውዶቹ። ገበያ ላይ የሚዞሩት ግን መዳብ የተቀቡ ናቸው። ማግኔት ይስባቸዋል። ሚዛን ላይ 2.7 ግራም አካባቢ ናቸው፣ እውነተኛው 3.1 ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱን እዚህ አስፍሬያለሁ።

አንዲት እናት ቀዳዳ ያለው ማርትሬዛ አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ እንግዲህ ዋጋ የለውም ማለት ነው?» አሉ። እናቴ፣ እንደ ስብስብ ሳንቲም ዋጋው ይቀንሳል፣ አልዋሽዎትም። ቀዳዳው በሚስማር ከአንድ ወገን የተበሳ ነው፤ በዚህኛው ፊት ብረቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ በዚያኛው ደግሞ ከንፈር አውጥቷል። ይህ ጉዳት ነው። ግን 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ከቀዳዳው ጫፍ ወደ ላይ ክሩ የበላው ለስላሳ ቦይ አለ፤ አንገት ላይ ብዙ ዓመት ተንጠልጥሎ ኖሯል ማለት ነው። የማን እንደነበረ ያውቃሉ? «የእናቴ እናት» አሉ። እንግዲያው ስማቸውን ጽፈው አብረው ያስቀምጡት። ቀዳዳውን አያስደፍኑት። በሎሚና በአመድ አያሹት። ያ ጥቁር ቀለም ነው ዕድሜውን የሚያሳየው፤ ከታሸ በኋላ የትኛው ጭረት የድሮ፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ ማንም ሊነግርዎት አይችልም።

አንድ ወጣት ደግሞ ስለ አክሱም ሳንቲም ጠየቀ። በመዳብ ሳንቲም ላይ ከንጉሡ ራስ ኋላ ወርቅ መሰል ነገር ፎቶ ላይ አይቷል፣ ሰው ኋላ የቀባው መስሎታል። አይደለም፣ ወንድሜ። አንዳንድ የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ ከራሳቸው ዙሪያ ወይም መስቀሉ ጋ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። እጅግ ረቂቅ ሥራ ነው። በእጅ ስለሚመቱም ምስሉ ከመሃል ፈቀቅ ማለቱ፣ ዳሩ ክብ አለመሆኑ የተለመደ ነው። ዛሬ ማሽን የመታው ሳንቲም እንዲህ ቢሆን ስህተት እንለዋለን፤ እዚያ ግን የዘመኑ አሠራር ነው። እርሻ ላይ ወይም ቁፋሮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ አትፋቁት፣ ለደላላም አታሳዩት። ቅርስ ነው፤ በአካባቢው ላለው የባህልና ቅርስ ቢሮ አስታውቁ።

ያላችሁን ሳንቲም ፎቶ ልትልኩልኝ ለምትፈልጉ፣ ሁለቱን ፊት ላኩ። ጠርዙን አዙራችሁ አንሱ። አጠራጣሪው ቦታ ካለበት በትክክል ከኋላው ያለውን ለብቻ አንሱ። መብራቱ ከግራ ይሁን። ክብደቱንም ጻፉልኝ።